ክንፍ ያለውም ማረፊያ ይሻል

ቻይና ሲባል ቀድሞ በአእምሯችሁ የሚመጣው ምንድን ነው? የገበያው ዕቃ፣ የመንገዱ ሥራ፣ የባቡሩ ሐዲድ፣ የእጅ ስልኩ ነው። አልፈርድባችሁም፤ እኔም ለትምህርት ወደ ቤጂንግ ስጓዝ ከዚህ ያለፈ ነገር በልቤ አልነበረም። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ግን ስለ ሌላ ጉዳይ ላወጋችሁ ነው። ስለ ቻይና ሰማይና በዚያ ሰማይ ላይ በየዓመቱ ስለሚያልፉት መንገደኞች፤ ስለ ወፎች።

"ወፍ?" ትሉኝ ይሆናል። አዎን፣ ወፍ። ወፍ ለማየት ብሎ ሌሊት መነሣት፣ ባቡር መሳፈር፣ ጭቃ ዳር ቆሞ መዋል የሥራ ፈት ሥራ መስሎ እንደሚታይ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሡኝ።

እኛ በልግ የምንለው፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ፣ ለቻይናዎች ጸደይ ነው። በዚህ ወቅት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ወፎች የብርዱን ወራት ካሳለፉበት ከአውስትራሊያ፣ ከኒውዚላንድ፣ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ አንዳንዶቹም ከአፍሪካ ተነሥተው ወደ ሰሜን ይተማሉ። መድረሻቸው ሰሜን ቻይና፣ ሞንጎሊያ፣ ሳይቤሪያና አላስካ ነው፤ እንቁላል የሚጥሉትና ጫጩት የሚያሳድጉት እዚያ ነው። ቻይና በመንገዳቸው መካከል ተዘርግታለች። በአገሪቱ ከተመዘገቡት ወደ 1,500 የሚጠጉ የወፍ ዝርያዎች መካከል ብዙዎቹ ወቅት ጠብቀው የሚመጡና የሚሄዱ ናቸው።

ወደዚህ ነገር ያስገቡኝ ጡረታ የወጡ አንድ የቤጂንግ አስተማሪ ናቸው። ጎረቤቴ ነበሩ። ቻይናዎች አስተማሪን ላውሺ ብለው ስለሚጠሩ እኔም መምህር እላቸው ነበር። ጡረታ ከወጡበት ዓመት ጀምሮ በየጸደዩ ያዩትን ወፍ በደብተር ይመዘግባሉ። ዓይነቱን ብቻ አይደለም፤ ስንት ራስ እንደሆነ አንድ በአንድ ይቆጥራሉ። ቀኝ ዓይናቸውን ሞራ እየጋረደው ሲሄድ ግን ወጣት ዓይን አስፈለጋቸው። አንድ ማታ ደረጃ ላይ አስቁመው፣

"ልጄ፣ ዓይንህ እንዴት ነው?" አሉኝ።

"ደህና ነው፣ መምህር።"

"እንግዲያው ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ በር ላይ ጠብቀኝ።"

የመጀመሪያው ጉዟችን ሩቅ አልነበረም። በከተማዋ ሰሜን ምዕራብ ባለው የበጋ ቤተ መንግሥት ግቢ፣ ሐይቁ ላይ፣ አሥራ ሰባት ቅስት ያለው ድልድይ አለ። ከድልድዩ ምሥራቃዊ ጫፍ ስምንት ማዕዘን ያለው፣ ግድግዳ የሌለው፣ በብዙ ምሰሶዎች ላይ የቆመ ሰፊ የእንጨት ሰቀላ ይገኛል። ኩዎሩ ይባላል። ጎብኚው ሁሉ ጀርባውን ለሰቀላው ሰጥቶ ከሐይቁ ጋር ፎቶግራፍ ይነሣል። መምህር ግን ወደ ጣሪያው ጠርዝ አንጋጠው ቆሙ። ጠቆር ያሉ፣ ክንፋቸው እንደ ማጭድ የታጠፈ ወፎች እየጮኹ ከሰማይ ይወርዱና በጣሪያው ተሸካሚ እንጨቶች መካከል ባለ ስንጥቅ ውስጥ እንደ ተወረወረ ድንጋይ ይገባሉ። ፍጥነታቸውን ሳይቀንሱ እንዴት ራሳቸውን እንደማይፈጠፍጡ ዛሬም ይገርመኛል።

ስዊፍት ይባላሉ። የቤጂንጎቹን እ.ኤ.አ. በ1870 ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ሮበርት ስዊንሆ ነው፤ በላቲን ስማቸው ውስጥም የከተማዋ ስም አለ። እስቲ ይህች ወፍ ምን ዓይነት ፍጥረት እንደሆነች አስቡት። እግሯ እጅግ አጭር ነው፤ አራቱም ጣቶቿ ወደ ፊት ያመለክታሉ። ግድግዳ ላይ ለመንጠልጠል እንጂ ቅርንጫፍ ላይ ለመስፈር አልተፈጠረችም። የምትበላው በአየር ላይ የሚንሳፈፈውን ነፍሳት ነው፤ የምትጠጣው እየበረረች የውኃውን ፊት በመንቆሯ እየቀዳች ነው። የስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ባደረጉት ጥናት የአውሮፓ እኅቶቿ ከጎጆ ውጭ የሚያሳልፉትን አሥር ወር ከሞላ ጎደል ሳያርፉ በአየር ላይ እንደሚኖሩ ታውቋል። እንቅልፋቸውም እዚያው ነው። ሱረቱል ሙልክ ውስጥ ወፎች ከራሳችን በላይ ክንፋቸውን ሲዘረጉና ሲሰበስቡ እንድናይ መጠየቃችንን የምታውቁ ሁሉ፣ ይህችን ወፍ ብታዩ ዓይናችሁን ቶሎ የምታነሡ አይመስለኝም።

ታዲያ ወዴት ነው የምትሄደው? ይህ ለብዙ ዘመን እንቆቅልሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2014 የቻይና ወፍ ተመልካቾችና ከአውሮፓ የመጡ ባለሙያዎች በዚሁ ቤተ መንግሥት ግቢ 31 ስዊፍቶችን በመረብ ይዘው በጀርባቸው ላይ ከአንድ ግራም በታች የሚመዝን መሣሪያ አሰሩ። መሣሪያው ከሳተላይት ጋር አይነጋገርም፤ ሥራው ብርሃን መለካት ብቻ ነው። ፀሐይ የወጣችበትንና የገባችበትን ሰዓት ይመዘግባል። ቀኑ ምን ያህል እንደረዘመና እኩለ ቀኑ መቼ እንደሆነ ከታወቀ ወፏ በምድር ላይ የት እንደነበረች በስሌት ይገኛል። ችግሩ መዝገቡን ለማንበብ ያችኑ ወፍ መልሶ መያዝ ማስፈለጉ ነው። በቀጣዩ ዓመት 13ቱ ያንኑ መሣሪያ በጀርባቸው ተሸክመው ወደዚያው ሰቀላ ተመልሰው ተገኙ።

መዝገቡ ሲነበብ ወፎቹ በሐምሌ ገደማ ቤጂንግን ለቀው በሞንጎሊያ በኩል ወደ ምዕራብ ሄደዋል። ከቲያንሻን ተራሮች በስተ ሰሜን አልፈው፣ ኢራንን ተሻግረው፣ የዓረቢያን ምድር በመሃሉ አቋርጠው አፍሪካ ገብተዋል። የብርዱን ወራት ያሳለፉት በናሚቢያና በደቡብ አፍሪካ ምዕራባዊ ጫፍ ነው። በሚያዝያ ደግሞ ቤጂንግ ናቸው። ደርሶ መልሱ ከ25 ሺህ ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

መምህር ይህን ነግረውኝ ሲያበቁ ደህነኛ ዓይናቸውን ወደ እኔ መለስ አደረጉና፣ "የአንተን አህጉር ከእኔ ይልቅ እነዚህ ያውቁታል" አሉ።

ከዚያ በኋላ የተናገሩት ግን ደስ የሚል አልነበረም። አሥር ወር የማታርፍ ወፍ እንኳ እንቁላሏን በአየር ላይ አትጥልም። ስንጥቅ ትሻለች። ቤጂንግ ውስጥ ስንጥቅ የሚገኘው በአሮጌው ግንብ፣ በከተማዋ በሮችና በቤተ መንግሥቶቹ ጣሪያ ሥር ነበር። የከተማዋ ግንብ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ፈረሰ፤ ከታላላቅ በሮቿም የቀሩት ጥቂቶች ናቸው። በቀሩት ጥንታዊ ቤቶች ላይ ደግሞ ኩሳቸው ቅርሱን እንዳያበላሽ ተብሎ በየጣሪያው ጠርዝ የሽቦ መረብ ተወጠረ። አዲሱ የመስተዋት ፎቅ ለስዊፍት ምኗም አይደለም። ያላዩዋትን ወፍ መግቢያ ለመዝጋት ክፋት አያስፈልግም፤ ጽዳት መውደድ ይበቃል።

በዚያው ወቅት ሌላም ድምፅ ከሸምበቆው መካከል ይሰማል። ኩኩ ነው። የቻይና ገበሬ ይህን ወፍ ቡጉ ይለዋል፤ ድምፁ "እህል ዝሩ" እንደሚል አድርጎ ስለሚሰማው። እ.ኤ.አ. በ2016 ቤጂንግ ላይ አምስት ኩኩዎች የሳተላይት መሣሪያ ታስሮላቸው ነበር። ከእነርሱ መካከል ሕንድ ደርሰው የዓረቢያን ባሕር በአንድ ትንፋሽ አቋርጠው ሶማሊያ ምድር ላይ የወጡ አሉ፤ ጉዟቸውም እስከ ሞዛምቢክ ዘለቀ። እህል ዝሩ የሚለው አብሳሪ የእኛንም ሰፈር በጎን እያለፈ ኖሯል ማለት ነው።

የሁለተኛው ጉዞ ወደ ቤይዳይሄ ነበር። በቦሃይ ባሕር ዳር ያለች የመዝናኛ ከተማ ናት፤ የአገሪቱ መሪዎች በበጋ የሚሰበሰቡባት በመሆኗ ስሟ የታወቀ ነው። ፈጣኑን ባቡር ትተን አሮጌውን ቀርፋፋ ባቡር ተሳፈርን። መምህር በመስኮት የሚታየውን ድንቢጥ ሳይቀር እንደሚቆጥሩ ያን ቀን አስተዋልሁ። ብርቅ ወፍ የሚያሳድዱ ሰዎች ድንቢጥን ዞር ብለው አያዩዋትም። ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

ወዲያው አልመለሱልኝም። ከፔርሙዙ ሻይ ቀድተው ለእኔ ሰጡኝ፣ ለራሳቸውም ቀዱ።

"በ1958 የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ" አሉ።

ያ ዓመት በቻይና አራቱ ተባዮች የሚባሉትን የማጥፋት ዘመቻ የታወጀበት ነው። አይጥ፣ ዝንብ፣ ትንኝና ድንቢጥ። ድንቢጥ የተከሰሰችው የገበሬውን እህል ትበላለች ተብላ ነው። በሚያዝያ ወር፣ ልክ በጸደይ፣ ቤጂንግ ሦስት ቀን ሙሉ ለዚሁ ሥራ ወጣች። ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ባልቴቱ ሳይቀር በጣሪያና በዛፍ ላይ ወጣ። አንዱ ከበሮ፣ ሌላው ድስት፣ ሌላው በቀርከሃ ጫፍ ላይ የታሰረ ጨርቅ ይዟል።

"ለእኔ ሳፋ ነበር የተሰጠኝ" አሉ መምህር። "እናቴ ፊታችንን የምታጥብበት፣ ጠርዙ የተላጠ ሳፋ። ጎህ ሳይቀድ ጣሪያ ላይ ወጣንና መደብደብ ጀመርን። ድንቢጥ ከዚያ ስትነሣ የእኛ ሰፈር ይጮኻል፤ ወደ ማዶ ስትሸሽ ማዶ ይጮኻል። ድንጋይ የወረወረባት የለም። ማረፊያ ብቻ ነሣናት። እኩለ ቀን ሲሆን ከሰማይ እንደ በሰለ ፍሬ ትወድቅ ጀመር። አንዷ እግሬ ሥር ወደቀች። አፏን ከፍታ ነበር።"

ባቡሩ አንድ ጣቢያ ላይ ቆሞ ተነሣ።

"ትሩፋት መስሎኝ ነበር" አሉ ደግሞ። "በክር ሰክተን ለአስተማሪያችን ወሰድንለት።"

የዚህን ታሪክ ቀሪ ክፍል መጻሕፍት ይናገራሉ። ጀንግ ዙዎሺን የሚባሉ ታላቅ የቻይና የወፍ ሊቅ የድንቢጥን ሆድ ከፍተው መርምረው ነበር። ምርመራቸውን ካደረጉባቸው ስፍራዎች አንዱ ባቡራችን የሚያልፍባት የቻንግሊ የፍራፍሬ አውራጃ ናት። ድንቢጥ እህል መብላቷ እውነት ቢሆንም ጫጩቶቿን የምታሳድገው በትል እንደሆነ፣ ትሉም የገበሬው ጠላት እንደሆነ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1960 ድንቢጥ ከተባዮቹ ዝርዝር ወጥታ በቦታዋ ትኋን ገባ። ከ1959 እስከ 1961 በቻይና ላይ ለወረደው ታላቅ ረሃብ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ በድንቢጥ ብቻ ማሳበብ ትክክል አይሆንም። የተባይ መብዛት ግን በዚያ መከራ ላይ የተጨመረ መከራ ነበር።

ቤይዳይሄ ስንደርስ ዝናብ ነበር። እኔ አዘንሁ፤ መምህር ግን ፈገግ አሉ። የስፍራው ምሥጢር ይኸው ነው። በሰሜን የያንሻን ተራሮች፣ በደቡብ ባሕሩ፣ በመካከል ጠባብ ሜዳ። ወደ ሰሜን የሚያመራው ወፍ ሁሉ በዚያ ጉሮሮ ያልፋል። ሰማዩ ጥርት ካለ በሌሊት ከፍ ብሎ ያልፍና አንዳችም አይታይም። ዝናብና የሰሜን ነፋስ ከፊቱ ከቆመ ግን ያገኘበት ዛፍ ላይ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አክስል ሄሚንግሰን የተባለ የዴንማርክ ሰው በዚህች ከተማ እየኖረ ሲያልፉ ያያቸውን በብዛት መዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ1985 ደግሞ ከካምብሪጅ የመጣ ቡድን አንድ ጸደይ ሙሉ ሲቆጥር ከርሞ ስሟን እንደገና አስነሣው።

በማግሥቱ ጧት ዝናቡ አባርቶ ወደ ኮረብታው ወጣን። ምን ብዬ ልንገራችሁ? ቁጥቋጦው ሁሉ ይንቀሳቀሳል። ከዐሥር እርምጃ ባነሰ ርቀት ላይ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ ጉሮሮ ያላቸው ትናንሽ ወፎች የእኛን መኖር ከቁብ ሳይቆጥሩ ቅጠል እያገላበጡ ይለቅማሉ። ደፍረው አይደለም፤ ደክመው ነው። ድካም ከፍርሃት ይበልጣል። መምህር እንዳንጠጋ በእጃቸው ከለከሉኝ። "የሚበሉበትን ደቂቃ አትሻማቸው" አሉ።

ከአንድ የፍራፍሬ እርሻ ጀርባ ግን ሌላ ነገር ገጠመን። በሁለት ቀርከሃ መካከል የተወጠረ፣ ከጥቁር ክር የተሠራ፣ ለዓይን የማይታይ ቀጭን መረብ። እንዲህ ያለው መረብ በሕግ የተከለከለ ነው። ዜማቸው የሚወደድ ወፎች በቀፎ ለሚያሳድጋቸው ሰው ይሸጣሉ፤ ሌሎች ለምግብ ይውላሉ። በመረቡ ላይ ሰባት ወፎች ተንጠልጥለዋል፤ ሦስቱ ሞተዋል። መምህር መጀመሪያ ለፖሊስ ስልክ ደወሉ። ከዚያም ከቦርሳቸው ትንሽ መቀስ አወጡ። ዓይናቸው ክሩን ስለማያይላቸው መቀሱን ለእኔ ሰጡኝና ወፉን እርሳቸው በመዳፋቸው ያዙ። የመጨረሻው ጉሮሮው እንደ ፍም የቀላ ወንድ ወፍ ነበር። ሃያ ግራም ቢመዝን ነው፤ መንገዱ ግን እስከ ሳይቤሪያ ነው። ክሩን ከክንፉ ሥር ስቆርጥ የልቡ ምት በመምህር ጣቶች ላይ ይታይ ነበር። ሲፈታ መዳፋቸውን ዘረጉ። አልበረረም። ምናልባት ግማሽ ደቂቃ ያህል መዳፋቸው ላይ ተቀመጠ። ሁለታችንም አልተነፈስንም። ከዚያ ወደ ቁጥቋጦው ገባ።

መረብ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ የፈለገ ቻይናዎች የሩዝ አበባ ወፍ የሚሏትን ይመልከት። ደረቷ ቢጫ የሆነች፣ ድንቢጥን የምታህል ወፍ ናት። ከፊንላንድ እስከ ሩቅ ምሥራቅ ሩሲያ ሞልታ ትራባ ነበር። በደቡብ ቻይና በተለይም በጓንግዶንግ ለጤና ትበጃለች ተብላ በመረብ ተይዛ ትበላለች። አደኑ እ.ኤ.አ. በ1997 ቢከለከልም በስውር ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት ከ1980 እስከ 2013 ባለው ጊዜ ቁጥሯ ከ84 እስከ 95 በመቶ መቀነሱን ገለጸ። በ2017 ከዓለም ሊጠፉ በጣም ከተቃረቡት ፍጥረታት ተርታ ተመዘገበች፤ በ2021 ቻይና ከፍተኛውን የጥበቃ ደረጃ ሰጠቻት። መምህር በዚያ ጧት አንዲት አይተው ደብተራቸው ላይ 1 ጻፉ። ወጣት ሳሉ እንዲህ ያለችውን ወፍ አንድ በአንድ መቁጠር ዘበት እንደነበር ነገሩኝ።

ሦስተኛው ጉዞ ከሁሉ ረጅሙ ነበር፤ ወደ ጂያንግሱ ግዛት፣ ያንቼንግ በሚባለው አካባቢ ወዳለው የባሕር ዳርቻ። በነገራችን ላይ እንደ እኔ የምግብ ነገር የሚያሳስባችሁ ካላችሁ አትስጉ፤ በየከተማው አረንጓዴ ሰሌዳ የሰቀለና ሐላል የሚል ጽሑፍ ያለበት የላንጆ ኑድል ቤት አይታጣም። መምህርም ከእኔ ጋር መብላት ለምደው ሾርባውን ከእኔ በላይ ወደውት ነበር።

ባሕር ዳር ስትሉ አሸዋና ማዕበል አስባችሁ ይሆናል። እዚህ ያለው ጭቃ ነው። በመከላከያው ግንብ ላይ ቆማችሁ ብታዩ እስከ አድማስ ድረስ ግራጫ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ዛፍ የሌለው ጭቃ ብቻ ነው የሚታየው። ይህ ጭቃ ከየት እንደመጣ ስሰማ ተደነቅሁ። ቢጫው ወንዝ ከመሃል አገር አፈር ጠርጎ ለብዙ መቶ ዓመታት በዚህ በኩል ወደ ባሕር ሲገባ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1855 መንገዱን ቀይሮ ወደ ሰሜን ሄደ። የያንግዜም ወንዝ ድርሻ አለበት። የኮረብታ ገበሬ ያጣው አፈር እዚህ ተከማችቶ በውስጡ ትልና ቀንድ አውጣ ይርመሰመሳል። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ሲሸሽ ለወፎቹ ማዕድ ይዘረጋል፤ ሲሞላ ማዕዱ ይነሣል።

ወደዚህ ማዕድ የሚመጡት እነማን ናቸው? ጎድዊት የምትባል መንቆረ ረጅም ወፍ አለች። እ.ኤ.አ. በ2007 ኢ7 የሚል መለያ የተሰጣት አንዲት ጎድዊት ከኒውዚላንድ ተነሥታ ወደ 10 ሺህ ኪሎ ሜትር ያለ ዕረፍት በርራ፣ አንድ ሳምንት ያህል ፈጅታ፣ ቻይናና ሰሜን ኮሪያ በሚዋሰኑበት በያሉ ወንዝ አፍ ጭቃ ላይ አረፈች። ሳምንታት እዚያ በልታ ወደ አላስካ ቀጠለች። በ2022 ደግሞ በዚያው ዓመት የተፈለፈለ ጫጩት ከአላስካ እስከ ታዝማኒያ 13,560 ኪሎ ሜትር በ11 ቀን ሳያርፍ በርሯል። እነዚህ ወፎች እንደ ዳክዬ ውኃ ላይ ተኝተው አያርፉም። ከመነሣታቸው በፊት ሰውነታቸው በስብ ይሞላል፤ ጨጓራና አንጀታቸው ሸክም እንዳይሆን እስከ መኮማተር ይደርሳል። ጭቃው ላይ ሲደርሱ ስንቃቸው አልቋል። ከፊታቸው ደግሞ ሌላ ረጅም መንገድና እንቁላል የመጣል ሥራ አለ። እስቲ ያ ጭቃ በቦታው ባይኖርስ?

ጭቃው ደግሞ በእርግጥም ሲጠፋ ነበር። በቢጫው ባሕር ዙሪያ በሃምሳ ዓመት ውስጥ ከሦስት እጅ ሁለቱ ያህል የባሕር ዳር ጭቃ በግንብ ተከልሎ ወደብ፣ ፋብሪካ፣ የዓሣ ኩሬና እርሻ ሆነ። በ1979 ጭቃውን አጽንቶ ይይዛል ተብሎ ከአሜሪካ የመጣ ሣር ደግሞ የቀረውን እየሸፈነ ወፍ እንዳይለቅምበት አደረገ። እዚህ ላይ ፍርዴን ልናገር፦ ያን ሁሉ ያደረገውን ሰው በጭካኔ አልከስሰውም። ብዙ ሕዝብ በጠባብ ምድር ላይ እንጀራ ይሻል። ነገር ግን ባዶ ነው የተባለው ጭቃ ባዶ አልነበረም፤ ባለቤቶቹ በዚያ ሰዓት ሌላ አህጉር ላይ ስለነበሩ ብቻ ነው።

በጥር 2018 የቻይና መንግሥት ለንግድ ተብሎ ባሕርን ወደ መሬት መለወጥ እንዲቆም አወጀ። በ2019 የያንቼንግ ዳርቻ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ፤ በ2024 ደግሞ ያችን ጎድዊት የተቀበለው የያሉ ወንዝ አፍ ጭምር ያለባቸው ሌሎች ስፍራዎች ተጨመሩ። እኛ በቆምንበት በቲያውዚኒ ከግንቡ ወዲህ 720 ሙ፣ በእኛ ልክ 48 ሄክታር የሆነ ኩሬ በ2020 ለወፎች ማረፊያ እንዲሆን ተለይቷል። ባሕሩ ሞልቶ ጭቃውን ሲውጠው የሚቆሙበት ስፍራ እንዲያገኙ ነው።

መምህር የባሕሩን ሰዓት የሚያሳይ ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው ተመለከቱ። ውኃው ሲመጣ ድምፅ የለውም፤ ጭቃው ብቻ ያጥራል። ከሩቅ ቀንድ አውጣ ሲለቅሙ የዋሉ ሴቶች ቅርጫታቸውን ተሸክመው ወደ ግንቡ መጡ። አንዷ ቴሌስኮፑን አይታ ምን እንደምንፈልግ ጠየቀች። መምህር እንድታይ ጋበዟት። ዓይኗን አስጠግታ ብዙ ቆየች። "እኔ ስጎነበስ እነርሱም ይጎነበሳሉ፤ ቀና ብዬ አይቻቸው ግን አላውቅም" አለችና ስቃ ሄደች።

ከዚያ ወፎቹ መጡ። መጀመሪያ ጢስ መሰሉ። ጢሱ ታጠፈ፣ ነጣ፣ ጠቆረ፣ በራሳችን ላይ ሲያልፍ እንደ ዝናብ ሿ አለ። ኩሬው ላይ ሰፈሩ። በሺህ ነበሩ። መምህር የሚፈልጉት ግን ከእነዚህ መካከል አንዲቱን ነው፤ መንቆሯ ጫፉ ላይ እንደ ማንኪያ የሰፋ፣ በጸደይ ፊቷና አንገቷ የሚቀላ፣ በሩቅ ምሥራቅ ሩሲያ የምትራባ ትንሽ ወፍ። በዓለም ላይ ያሉት ከአንድ ሺህ እንደማይበልጡ ይገመታል። ቁመቷ ከድንቢጥ አይበልጥም።

ሁለት ሰዓት ፈለግሁ። መምህር ከጎኔ በታጣፊ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዝም አሉ። ፀሐይ ወደ ኋላችን ዘቀዘቀች። ባሕሩ መሸሽ ሲጀምር ወፎቹ መቁነጥነጥ ያዙ። ወደ ጭቃው የሚመለሱት ተመለሱ። ሌሎች ግን በክብ እየዞሩ ከፍ አሉ፣ እርስ በርሳቸው ተጠራሩ፣ ተሰለፉ፤ ፊታቸውን ወደ ሰሜን አዙረው ሄዱ።

"ስንት ናቸው?" አሉ መምህር።

"የተነሡት 214።"

ጻፉ። ከዚያ እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ሳያነሡ፣

"ማንኪያ አፏስ?"

"ሁለት። የአንደኛዋ እግር ላይ ምልክት ታስሯል።"

"ተነሡ?"

"የለም መምህር፣ አልተነሡም። አሁንም ይበላሉ።"

መምህር ደብተሩ ላይ 2 ብለው ጻፉና ለማየት ወደ ቴሌስኮፑ በግራ ዓይናቸው ጎንበስ አሉ።